የማሳወቂያ፣ የአስታዋሽና የማስጠንቀቂያ ስያሜ በተራ በተራ ጨዋታዎች

ምሽት ላይ በመገናኛ ወደ አያት፣ ወደ ሲኤምሲ፣ ወደ ገርጂና ወደ ቦሌ የሚሄደው ተሳፋሪ ሰልፍ ይዞ ሲቆም፣ የታክሲውን ወረፋ የሚያስጠብቀው ሰው «ተራ አስከባሪ» ይባላል። ይህን ስያሜ የሥራው ጠባይ ራሱ ወለደው እንጂ በጉባኤ የተወሰነ አይደለም። አማርኛ በዚህ ረገድ ባለጸጋ ነው። ሰው ተራ ይይዛል፣ ተራ ይጠብቃል፣ ተራው ይደርሰዋል፣ ከዘነጋም ተራው ያልፈዋል፤ ተራው የደረሰው ሰው ደግሞ «ተረኛ» ይባላል። በዚያው ሰልፍ ላይ የቆመ ተሳፋሪ ግን ሌላም ተራ ይጠብቅ ይሆናል፤ ይኸውም በያዘው ስልክ በሩቅ ካለ ሰው ጋር የሚጫወተው የቼዝ ጨዋታ ተራ ነው። የዚህኛው ጨዋታ ተራ አስከባሪ ሰው ሳይሆን መሣሪያ ነው። መሣሪያው ተጫዋቹን የሚጠራበት፣ የሚያስታውስበትና የሚያስጠነቅቅበት ቃል በአማርኛ ገና አልረጋም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ተጫዋቹ እነዚህን ጥሪዎች እንደ ፈቃዱ እንዲያስቀጥል፣ እንዲያቆምና እንዲያዘገይ በሚያስችሉት ገጾች ላይ የሚገቡትን ቃላት መመርመርና ስያሜ ማቅረብ ነው። መነሻ ሐሳቡም አንድ ነው። ለተጫዋቹ የተሰጠው የመምረጥ መብት እውነተኛ የሚሆነው፣ የሚመርጣቸው ነገሮች በሚያነበው ቋንቋ ተለይተው ሲጠሩ ብቻ ነው። የተለያዩ ነገሮች በአንድ ቃል ከተጠሩ ምርጫው በስም ይኖራል እንጂ በተግባር አይኖርም።

ሀ. ተራና ርቀት

ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲጫወቱ አስታዋሽ አያስፈልጋቸውም። በገበጣ የመጨረሻው ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ላይ ሲያርፍ ተራው ወደ ተጋጣሚ ማለፉን ሁለቱም ያያሉ። በጥንታዊው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ደግሞ ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቅ ልማድ ነበር። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለዚህ ጨዋታ ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ «ወረራ» በሚባለው መክፈቻ ተጫዋቾቹ ተራ ሳይጠባበቁ ሁለቱም በአንድነት ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ተራ መጠበቅ የሚጀመረው አንዱ የሌላውን መጫወቻ ከበላ በኋላ ነው። እንዲህ ያለው ሥርዓት የሚቻለው ተጫዋቾቹ በአንድ ሰሌዳ ዙሪያ ሲተያዩ ብቻ መሆኑ ግልጽ ነው።

ተጫዋቾች በተራራቁ ጊዜ ግን ተራን ማስታወቅ ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1951 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የደብዳቤ ቼዝ ፌዴሬሽን ጨዋታውን በፖስታ ያካሂድ በነበረበት ዘመን የቋንቋን ችግር በአኃዝ ፈታው። እያንዳንዱ የሰሌዳ ቤት በሁለት አኃዝ ስለሚጠራ፣ 5254 የሚል ካርድ የደረሰው ሰው የላኪውን ቋንቋ ባያውቅም የትኛው መጫወቻ ከየት ወዴት እንደ ሄደ ያውቃል። እርምጃው በአኃዝ ሊገለጥ ቻለ፤ «መልስህ ዘገየብኝ» የሚለው ግን በአኃዝ አይገለጥም። ማስታወስ ምንጊዜም ቋንቋ ይሻል።

ዛሬ ይኸው ጨዋታ በኢንተርኔት ይካሄዳል። ሊቼስ በተባለው ነጻ የቼዝ መድረክ ለአንድ እርምጃ ከ1 እስከ 14 ቀን ሊፈቀድ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ያልተጫወተ ሰው ይሸነፋል። በዚሁ መድረክ የማሳወቂያ ገጽ ላይ፣ ተጋጣሚ መጫወቱን የሚነግረው መልእክትና ጊዜው ሊያልቅ መሆኑን የሚነግረው መልእክት በተለያየ መስመር ተቀምጠዋል፤ ተጫዋቹም አንዱን ትቶ ሌላውን ማስቀረት ይችላል። በስልኮችም ዘንድ ተመሳሳይ ለውጥ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው አንድሮይድ 8 ወዲህ የፕሮግራም አዘጋጆች መልእክቶቻቸውን በዘርፍ በዘርፍ መክፈል አለባቸው፤ አንድ ዘርፍ ከተከፈተ በኋላም ድምፅ ይኑረው ወይም አይኑረው ብሎ የመወሰኑ የመጨረሻ ሥልጣን የባለስልኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው አንድሮይድ 13 ጀምሮ ደግሞ አዲስ የተጫነ ፕሮግራም ማሳወቂያ ለመላክ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል።

እዚህ ላይ ተርጓሚዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። የዘርፎቹን ስም የሚሰጠው የፕሮግራሙ አዘጋጅ ነው፤ ወደ አማርኛ የሚመልሰው ተርጓሚው ነው። ባለስልኩ ከፊቱ የሚያገኘው ያንን ስምና ከጎኑ ያለውን ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ነው። ስለዚህ ስሙ ከማጌጫነት አልፎ የመወሰኛው መሣሪያ አካል ሆኗል ማለት ነው።

ለ. አንድ ምሳሌ

አያት አካባቢ የምትኖር አንዲት መምህርት፣ በዋሽንግተን ከሚኖር ወንድሟ ጋር ለአንድ እርምጃ 3 ቀን በተፈቀደበት ጨዋታ ላይ ናት እንበል። ስልኳ አራት ዓይነት መልእክት ይቀበላል። አንደኛው ወንድሟ መጫወቱንና ተራው ወደ እርሷ መዞሩን ይናገራል። ሁለተኛው እርሷ ሳትጫወት ስትዘገይ በየጊዜው ይደጋገማል። ሦስተኛው ጥቂት ሰዓት እንደ ቀራትና ካልተጫወተች እንደምትሸነፍ ይናገራል። አራተኛው ከጨዋታው ጋር ግንኙነት የለውም፤ አዲስ ውድድር መከፈቱን ወይም ቅናሽ መደረጉን የሚያወራ የባለንብረቱ ጥሪ ነው።

ተርጓሚው አራቱንም «ማሳወቂያ» ብሏቸዋል እንበል። መምህርቷ በሌሊት የቀሰቀሳትን አራተኛውን ለማስቀረት ስትፈልግ ከአራት ተመሳሳይ ስሞች የትኛውን እንደምታጠፋ አታውቅም፤ ስለዚህ ሁሉንም ታጠፋለች። ከ3 ቀን በኋላ ሳትጫወት ተሸንፋ ታገኛለች፤ ወንድሟም እንደ ተወችው ይቆጥራል። የጨዋታው አዘጋጅ የመምረጥ መብት አልነፈጋትም፤ ስልኩም አልነፈጋትም፤ መብቷን ያሳጣት የቃል እጥረት ነው።

ሐ. ተቀራራቢዎቹ ቃላት

እጥረቱ ግን የአማርኛ አይደለም። በአገራችን የሙያ ቃላት ስየማ የታወቀው ቅደም ተከተል በመጀመሪያ ከአማርኛ፣ ቀጥሎ ከግእዝና ከሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች መፈለግ፣ በመጨረሻም መዋስ ነው። ለዚህ ጉዳይ ከመጀመሪያው ደረጃ መውረድ አያስፈልግም። ችግሩ ቃላቱ በመልክ እጅግ መቀራረባቸውና ተርጓሚው በጥድፊያ አንዱን በሌላው መተካቱ ነው።

«ማሳወቂያ» አንድ ነገር መሆኑን የሚያሳውቅ ነው፤ ተቀባዩን ምንም ነገር አያስገድድም። «ማስታወቂያ» ከእርሱ የሚለየው በአንድ ፊደል ቢሆንም መንገዱ ሌላ ነው፤ ከጥንቱ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ጀምሮ ለሕዝብ የሚነገርን ነገር፣ በንግድ ዓለምም ገዢን የሚጋብዝን መልእክት ያመለክታል። «ማስታወሻ» ሰው ለራሱ የሚጽፈው ወይም የሌላ ሰው መታሰቢያ እንዲሆን የሚያስቀምጠው ነገር ነው፤ ደብተርም ማስታወሻ ይባላል። «አስታዋሽ» ግን አድራጊ ነው፤ የረሳውን ሰው መጥቶ ያስታውሰዋል። «ማሳሰቢያ» በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ እንደሚለጠፈው፣ ከበላይ ወደ በታች የሚወርድ የቁጣ ቃና አለበት። «ማስጠንቀቂያ» ከሁሉም ይከብዳል፤ በአሠሪና ሠራተኛ መካከል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሲባል ችላ ቢሉት የሚያስከትለው ነገር እንዳለ ያሳያል።

እነዚህ ልዩነቶች በተናጋሪው አእምሮ ውስጥ አስቀድመው የተሠሩ ናቸው። ስለሆነም የመጀመሪያውን መልእክት «የተራ ማሳወቂያ»፣ ሁለተኛውን «አስታዋሽ»፣ ሦስተኛውን «የጊዜ ማስጠንቀቂያ»፣ አራተኛውን «ማስታወቂያ» ብንላቸው፣ መምህርቷ ምንም ማብራሪያ ሳያስፈልጋት የምትፈልገውን ታስቀራለች። አራተኛውን በትክክለኛ ስሙ መጥራት አንዳንድ ባለንብረቶችን ቅር ሊያሰኝ ይችላል፤ ነገር ግን የንግድ ጥሪን «አስታዋሽ» ብሎ ማቅረብ አንባቢውን ማሳሳት ነው።

በቦሌ ካፌዎች በወጣቶች ንግግር ውስጥ የሚሰማው «ኖቲፊኬሽን» የሚለው ውሰት ነው። ይህን ከንግግር ማስወጣት አይቻልም፤ አስፈላጊም አይደለም። ነገር ግን ውሰቱ አራቱንም መልእክቶች በአንድነት ስለሚጠቀልል፣ መለየት በሚያስፈልግበት ገጽ ላይ ሊያገለግል አይችልም።

መ. ዝም የማሰኘት ቃላት

የአንድሮይድ የአማርኛ ገጽ ባለፉት ዓመታት ብዙ ቃላትን አስለምዷል። «ማሳወቂያዎች»፣ «ቅንብሮች»፣ «አስታዋሽ»፣ «አትረብሽ» የሚሉት ዛሬ በብዙ ሰው ስልክ ላይ ይገኛሉ። በ1993 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል «አማርኛ መዝገበ ቃላት» ሲታተም እንዲህ ያለው ስልክ በአገራችን ስላልነበረ፣ ተርጓሚዎቹ ከመዝገብ የሚቀዱት ዝግጁ ስያሜ አልነበራቸውም። ሥራቸው ሊመሰገን ይገባዋል። ከመካከላቸው «አትረብሽ» ማንም ሰው ሳይነገረው የሚረዳው የተሳካ ትርጉም ነው።

ሁለቱ ግን እንደገና ሊታዩ ይገባል። ድምፅን ማጥፋት «ድምፀ ከል» ተብሏል። የቃላት ተማሪ «ከል»ን ከ«ከለከለ» ጋር ሊያዛምደው ይችላል፤ በቤት አማርኛ ግን ከል የሐዘን ጥቁር ልብስ ነው። ጥሪን ለጥቂት ጊዜ ማዘግየት ደግሞ «አሸልብ» ተብሏል። አሸለበ ማለት ቀለል ያለ እንቅልፍ ወሰደው ማለት ሲሆን፣ በክብር አነጋገር ዐረፈ፣ ሞተ ማለትም ነው። ከዚህም በላይ የሚያሸልበው ማን እንደ ሆነ አይለይም፤ ጥሪው ነው ወይስ የተጠራው? በንግግር የሚሰማው ውሰት «ሚዩት» እንኳ በፍጥነት ሲነገር «ሙት» ይመስላል። ሳይታሰብ የዝምታ ቃሎቻችን ሁሉ ወደ ለቅሶ ቤት ገብተዋል። «ድምፅ ማጥፋት» እና «ማቆየት» የሚሉት የዘወትር ቃላት ግን ሁለቱንም ጽንሰ ሐሳቦች ያለ ጥርጥር ይገልጻሉ።

ሠ. ማን ማንን ያዛል?

የአማርኛ ትእዛዝ አንቀጽ የተቀባዩን ጾታና ክብር ሳይገልጽ አይነገርም። «አጥፋ» ለወንድ፣ «አጥፊ» ለሴት፣ «ያጥፉ» ለአክብሮት፣ «አጥፉ» ለብዙዎች ነው። በትርጉም ገጾች የተለመደው የወንዱ «አጥፋ» ነው፤ ስለዚህ ከላይ ያነሣናት መምህርት በስልኳ ላይ ሁልጊዜ እንደ ወንድ ትታዘዛለች። ሁሉን በ«ያጥፉ» መተካት ጨዋ ቢሆንም፣ ከእኩዮቹ ጋር ለሚጫወት ተማሪ እንግዳ ይሆንበታል።

ለዚህ ቋንቋው ራሱ መውጫ አለው። «የይለፍ ቃል» በሚለው ስያሜ ውስጥ «ይለፍ» የሚለው የሦስተኛ መደብ ትእዛዝ አንቀጽ ያለ ችግር ተለምዷል። በዚያው መንገድ በማብሪያና በማጥፊያው ላይ «ይቀጥል»፣ «ይቁም»፣ «ይቆይ» ብንል የሚታዘዘው ተጫዋቹ ሳይሆን መልእክቱ ይሆናል፤ «አስታዋሹ ይቁም፤ የጊዜ ማስጠንቀቂያው ይቀጥል» እንደ ማለት ነው። ጥቅሙ የጾታን ጥያቄ ማስቀረት ብቻ አይደለም። «አጥፋ» ሲል የሚናገረው መሣሪያው ነው፤ «ይቁም» ሲል የሚናገረው ባለስልኩ ነው። ለተጫዋቹ የተሰጠው ሥልጣን በሰዋስው ውስጥም ይታያል ማለት ነው።

የማሳወቂያው ዓረፍተ ነገር ራሱ እንዲሁ ነው። «ተጋጣሚዎ ተጫውቷል» የሚለው የተጋጣሚውን ጾታ ይገምታል፤ «ተራህ ነው» የሚለው የተቀባዩን ይገምታል። «ተራዎ ደርሷል»፣ ለቅርብ ሰዎች ጨዋታም «ተራ ደርሷል» የሚለው ግን ማንንም ሳይገምት የሚፈለገውን ይናገራል። ይህ አነጋገር በሰልፍ ላይ በየቀኑ የሚሰማ ነው፤ አዲስ ነገር አልተፈጠረም።

ረ. የሰዓት ነገር

መልእክት የማይላክበትን ጊዜ ተጫዋቹ ራሱ እንዲወስን የሚፈቅድ ገጽ ሲተረጎም ከቃል በፊት የሚመጣ ችግር አለ። በቦሌ ሁለት የሰዓት አቆጣጠር ጎን ለጎን ይኖራል። በአየር ማረፊያው የሚታተመው የጉዞ ትኬት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ መንገደኛውን የሚያደርሰው ባለታክሲ ግን በእኛው ይቀጠራል። «በእኛ ነው ወይስ በፈረንጅ?» የሚለው ጥያቄም የዘወትር ነው። መሣሪያ ግን ይህን ጥያቄ አይጠይቅም።

መነሻው ጽሑፍ ከምሽት 10 እስከ ጧት 7 በዓለም አቀፉ ሰዓት ቢል፣ ቁጥሩን ብቻ ገልብጦ «ከ10 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት» ብሎ የተረጎመ ሰው የስድስት ሰዓት ስሕተት ይሠራል። በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ወይ ከቀትር በኋላ ነው፣ ወይ ንጋት ሊቃረብ ሲል ነው። ትክክለኛው «ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጧቱ 1 ሰዓት» ነው። ስለሆነም ቁጥር ብቻውን መቆም የለበትም፤ ጧት፣ ቀን፣ ምሽት ወይም ሌሊት የሚለው ቃል ሁልጊዜ ሊቀድመው ይገባል።

የርቀቱም ነገር በዚህ ላይ ይጨመራል። በታኅሣሥና በጥር ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። የመምህርቷ ወንድም በእነርሱ አቆጣጠር ከምሽቱ 8 ሰዓት ላይ ሲጫወት፣ በአያት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ስለዚህ ይህ ምርጫ ለእኛ ተጫዋቾች የቅንጦት ነገር አይደለም፤ በውጭ አገር ዘመድ ላለው ሰው የእንቅልፍ ጉዳይ ነው። ለእርምጃ የተፈቀደውም ጊዜ «1 ቀን» ከሚባል «24 ሰዓት» ቢባል ይሻላል፤ በአማርኛ «ቀን» ከሌሊት የተለየውን ብርሃናማ ጊዜም ስለሚያመለክት ነው።

ሰ. የቀረቡ ስያሜዎች

ተራ በተራ ጨዋታ፦ ተጫዋቾች አንዱ ሌላውን እየጠበቁ የሚያካሂዱት ጨዋታ። «ተራ ጨዋታ» ዝቅ ያለ ጨዋታ ያሰኛል፤ በኢንተርኔት የሚካሄደውን «የመረብ ጨዋታ» ማለትም መረብ ኳስን ስለሚያስታውስ አይመረጥም።

ተረኛ፦ የመጫወት ተራ የደረሰው ተጫዋች። ቃሉ ባለፉት ዓመታት በፖለቲካ ንግግር የነቀፋ ትርጉም ተጨምሮበታል፤ ሆኖም «ተረኛ ሐኪም» እና «ተረኛ ዘበኛ» በሚሉት ውስጥ የቀድሞ ትርጉሙ ስላልጠፋ ለጨዋታ ያገለግላል።

የተራ ማሳወቂያ፦ ተጋጣሚ ተጫውቶ ተራ መዞሩን አንድ ጊዜ የሚናገር መልእክት።

አስታዋሽ፦ ተረኛው ሲዘገይ የሚደጋገም መልእክት።

የጊዜ ማስጠንቀቂያ፦ የተፈቀደው ጊዜ ሊያልቅና ሽንፈት ሊከተል መሆኑን የሚናገር መልእክት።

ማስታወቂያ፦ ከተጀመረው ጨዋታ ውጪ የሆነ የባለንብረቱ ጥሪ።

የማሳወቂያ ዘርፍ፦ ለብቻው ሊቆም ወይም ሊቀጥል የሚችል የመልእክት ዓይነት። «ቻናል» ቴሌቪዥንን ስለሚያሳስብ አይመከርም።

ማቆየት፦ መልእክቱ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ተመልሶ እንዲመጣ ማድረግ።

የዝምታ ሰዓት፦ መልእክት ድምፅ የማያሰማበት፣ ተጫዋቹ የወሰነው ጊዜ። «የጸጥታ ሰዓት» ጸጥታ አስከባሪንና ሰዓት እላፊን ስለሚያስታውስ ይቅር።

የተጫዋች ምርጫ፦ ከላይ የተዘረዘሩትን መልእክቶች ተጫዋቹ በፈቃዱ የሚወስንበት ገጽ። «ቁጥጥር» የሚለው ሌላን ሰው መመርመርን ስለሚያመለክት ለዚህ አይስማማም።

ጉዳዩ የጨዋታ ነው ተብሎ ሊናቅ አይገባውም። በዛሬው ስልክ ላይ የባንክ፣ የሐኪም ቀጠሮና የትምህርት ቤት መልእክቶችም በዚያው መንገድ ይመጣሉ፤ በዚያው ገጽ ይቆማሉ፤ በነዚያው ቃላት ይጠራሉ። ሰው ቃላቱን አስቀድሞ በጨዋታ ቢለምዳቸው፣ የተሳሳተ ማጥፊያ መንካት ከሽንፈት የከፋ ጉዳት በሚያመጣበት ቦታ አይሳሳትም። ከላይ የቀረቡት ስያሜዎች ለውይይት የቀረቡ እንጂ ያለቀላቸው አይደሉም። በትርጉም ሥራ ላይ ያሉ አንባብያን በየገጹ እየሞከሯቸው፣ በተለይም «ይቁም» እና «ይቆይ» የሚሉት አንቀጾች በተጠቃሚዎች ዘንድ እንዴት እንደሚሰሙ ቢያስተውሉና ቢጽፉልን፣ ቀጣዩ ዝርዝር ከዚህ የተሻለ ይሆናል።